ጥንቆላ፦ የተነገረው ቢደርስስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥንቆላ ማለት የተሰወረውንና የሚመጣውን ነገር ከእግዚአብሔር ውጭ በሆነ መንገድ ለማወቅ መሞከር ነው። በአገራችን መልኩ ብዙ ነው፤ ሞራ ገላጭ፣ ጠጠር ጣይ፣ ስኒ አንባቢ፣ መዳፍ ተመልካች፣ ኮከብ ቆጣሪ ይባላል። ነገሩ ጥንታዊ ነው፤ የባቢሎን ንጉሥ በመንታ መንገድ ቆሞ በፍላጻና በጉበት ማሟረቱን ነቢዩ ሕዝቅኤል ጽፏል (ሕዝ. 21፥21)። ሙሴ ግን ይህን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ብሎ ከልክሏል (ዘዳ. 18፥10-12)።

«የነገረኝ ደረሰ» ለሚሉ

አንዳንድ ምእመናን «የተነገረኝ ስለ ደረሰ እውነት ነው» ይላሉ። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት ገረድ ስለ ሐዋርያት የተናገረችው እውነት ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን ምስክርነቷን አልተቀበለም፤ መንፈሱን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከእርሷ አስወጣው (ሐዋ. 16፥16-18)። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ቃሉ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ምንጩ ማን እንደ ሆነ ነው። ሳኦልም በዓይንዶር የሰማው ተፈጽሟል፤ ማወቁ ግን ፍርሃት ጨመረለት እንጂ ከሞት አላዳነውም (1ሳሙ. 28)።

ዓውደ ነገሥትና ባሕረ ሐሳብ

በግእዝ ፊደል መጻፉን አይተው ዓውደ ነገሥትን የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አድርገው የሚያስቡ አሉ። የሰውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ፣ በቀሪው ኮከቡን ይናገራል። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ግን አይቆጠርም። ባሕረ ሐሳብም የቁጥር ትምህርት ነው፤ ነገር ግን በአበቅቴና በመጥቅዕ አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል እንጂ የማንንም ዕድል አይናገርም። «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብሎ የሚፈርስ እጮኝነት፣ ጎረቤትን በመተት ጠርጥሮ የሚቋረጥ ሰላምታ የዚህ ስሕተት ፍሬ ነው።

ምን እናድርግ?

የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጥለዋል፤ ዋጋቸውም 50,000 ብር ነበር (ሐዋ. 19፥19)። ወደ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰውም አፍሮ ከቤተ ክርስቲያን አይራቅ፤ ለንስሐ አባቱ ይናዘዝ፤ የተሰጠውን ክታብ ያስወግድ፤ ቀኖናውን ፈጽሞ ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቅረብ። ነገን የማናውቀው ተጥለን ሳይሆን፣ ነገ በአባታችን እጅ ስለ ሆነ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።