ከጎባ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ እጥፍ በእጥፍ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። የባሌን ገብስ እንቁጠር። ከባሕር ወለል ላይ አንዲት ፍሬ አስቀምጡ። አንድ ሜትር ሽቅብ ስትወጡ ሁለት ትሁን፣ ሁለተኛው ላይ አራት፣ ሦስተኛው ላይ ስምንት፤ በየሜትሩ እጥፍ ይሁን። የደረሳችሁበት ላይ ከክምሩ አንዲት ፍሬ አንሱና ጠይቁ፦ የቀረው ለስንት ሰው እኩል ይዳረሳል?

ሦስተኛው ሜትር ላይ 7 ይቀራል። ወይ አንድ ሰው ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ ወይ ሰባት ሰዎች አንዳንድ ፍሬ ይይዛሉ፤ ሌላ ድልድል የለውም። ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። አራተኛው ላይ ግን 15 ነው፤ ሦስት ሰዎች አምስት አምስት ይካፈሉታል። ሜትሩ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ቢሆንም ዋስትና የለም፤ 11ኛው ላይ የሚቀረውን 2047 ፍሬ 23 ሰዎች 89 89 ያነሱታል።

ከሮቤ ጎባ ገብተን ሽቅብ እንውጣ። ጎባ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክምሩ እዚህ ሲደርስ ከ800 በላይ አሃዝ አለው። ጥዱንና ኮሶውን እያለፍን 3217ኛው ሜትር ላይ እንቁም። አገኘን! 969 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ስዊድናዊው ሃንስ ሪዝል እ.ኤ.አ. በ1957 ቤስክ በተባለ ኮምፒውተር አረጋገጠው።

ከዚያስ? አስታው ያልቃል፣ ሳነቴ ይዘረጋል፣ ጅብራው በውርጩ መሃል ቆሟል፣ ቀይ ቀበሮው የአይጥ ጉድጓድ ላይ አድፍጧል። ከ1000 ሜትር በላይ ወጥተን አንድም የለም። ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚገነጠለው መንገድ ስንወጣ ግን 4253 ላይ ሌላው ይጠብቀናል፤ 1281 አሃዝ አለው።

ጫፉ 4377 ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ሁለተኛ ተራራ ተብሎ የሚነገርለት ከፍታ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢሸከም እንዴት ደስ ባለኝ! ግን አይሆንም። 4፣ 3፣ 7፣ 7ን ደምሩ፤ 21 ነው፤ ስለዚህ 4377 ለሦስት ይካፈላል። ሦስት ጊዜ ማጠፍ በስምንት ማባዛት ነው፤ ስምንት ደግሞ ሰባትን የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው። በየሦስት ሜትሩ ክምሩን ለሰባት ስናካፍል የምትተርፈው አንዲት ፍሬ ናት፤ እሷን አንስተናታል። 7፣ 63፣ 511 እያለ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሁሉም ለሰባት ይካፈላል። 1318 አሃዝ ያለውን ቁጥር በወረቀትና በእርሳስ ረታነው።

ቀጣዩ 4423 ነው፤ ከጫፉ 46 ሜትር ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ። እሱንም 4253ንም ያገኘው አሌክሳንደር ሁርዊትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1961፣ በአይቢኤም 7090። የታተመው ወረቀት ሲነባበር የኋለኛው ከላይ ስለሆነ መጀመሪያ ያነበበው 4423ን ነው። ታዲያ ቀድሞ የተገኘው የቱ ነው? ማሽኑ የጨረሰው ወይስ ዓይን ያየው? ይህ ብዙ አከራክሯል። ለእኔ 4253 ነው፤ ስሌቱ ያለቀ ዕለት ቁጥሩ ተገኝቷል።

ሉክ ዱራንት በኦክቶበር 2024 ያገኘው ግን ከተራሮቻችን እጅግ ይርቃል፤ 136,279,841ኛው ሜትር ላይ፣ ወደ ጨረቃ ከሚወስደው መንገድ ከሲሶው ጥቂት አልፎ። 41,024,320 አሃዝ አለው። እስከዚያ ዓመት ከእነዚህ የገብስ ክምሮች ብቸኛ ሆነው የተገኙት 52 ናቸው፤ 19ኙ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ በታች ናቸው።