አናጢ የሠራው ካሜራ

የፎቶግራፍ ታሪክ በሚተረክበት ጊዜ ዘወትር የሚወደሰው የአንሺው ዓይን ነው፤ መሣሪያውን ያበጀው እጅ እምብዛም አይታወስም። ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 በአናጢ ያሠራው ግዙፍ የእንጨት ካሜራ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዋትኪንስ በ1829 በኒውዮርክ ግዛት ተወልዶ፣ ወርቅ ፈላጊው ወደሚጎርፍባት ካሊፎርኒያ በ1851 የተሻገረ ሰው ነበር።

ይህን ያህል ሣጥን ለምን አስፈለገ? በዚያን ዘመን ትንሹን ምስል አጉልቶ በጥራት ማተም እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ወረቀቱ በብርጭቆው ኔጌቲቭ ላይ ተደርቦ በፀሐይ ብርሃን ስለሚታተም፣ የብርጭቆው ስፋት የሥዕሉ ስፋት ነው። ትልቅ ሥዕል የሚሻ ሁሉ ትልቅ ካሜራ ማሠራት ግድ ይለዋል። ዋትኪንስ የመረጠው ልክ 18 በ22 ኢንች፣ ማለትም 46 በ56 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። የአናጢው ጥበብ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ሌንሱና ብርጭቆው ትይዩ ካልሆኑ የሥዕሉ አንዱ ጠርዝ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በመጋጠሚያው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ብትገኝ፣ ሰርጎ የሚገባው ብርሃን የቀኑን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

በዚያው ዓመት መሣሪያው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ተጓዘ፤ ብርጭቆው፣ መድኃኒቱና የጨለማው ድንኳን አብረው ተጫኑ። አንሺው በመጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ በፍዙ መስተዋት ላይ ተዘቅዝቆ የሚታየውን ተራራ ያስተካክላል። ቀጥሎ ድንኳን ገብቶ ኮሎዲዮን የተባለውን ዝልግልግ ፈሳሽ በብርጭቆው ላይ አፍስሶ፣ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያዳርሰዋል፤ ከዚያም በብር ናይትሬት ውሃ ይነክረዋል። ከዚህ በኋላ እሽቅድምድሙ ከጊዜ ጋር ነው፤ ብርጭቆው ሳይደርቅ ሥዕሉ ተነሥቶ በመድኃኒት መታጠብ አለበት። መዳፍ በምታህል ብርጭቆ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ የመስኮት ያህል በሰፋችው ላይ ግን አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብታርፍ ወይም ነፋስ ቅጠሉን ቢያወዛውዝ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ዋትኪንስ ከሸለቆው 30 ታላላቅ ኔጌቲቮችንና በጥንድ የሚታዩ 100 ትናንሾችን ይዞ ተመለሰ።

ሥዕሎቹ በ1862 በኒውዮርክ ለሕዝብ ቀረቡ። ሰኔ 30 ቀን 1864 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛ እንዲጠበቅ ለካሊፎርኒያ ግዛት የሚያስረክበውን ሕግ ፈረመ። ለሕጉ መውጣት ሥዕሎቹ ረድተዋል ቢባል ትክክል ነው፤ ብቸኛው ምክንያት እነርሱ ነበሩ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ሸለቆው የሰው እግር ያልረገጠው ምድር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ዋትኪንስ ከመድረሱ 10 ዓመት በፊት፣ በ1851፣ የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለ የታጣቂዎች ጦር በነባሮቹ ነዋሪዎች በአዋኒቺ ሕዝብ ላይ ዘምቶ መንደራቸውንና ስንቃቸውን አቃጥሏል፤ ሕዝቡንም አሳዷል። አድናቂዎች ስለ ፏፏቴው ሲያወሩ ይህን አያነሡም።

ባለሙያውም ከሥራው አልበለጸገም። በ1870ዎቹ ዕዳ ተጭኖት ስቱዲዮውና ኔጌቲቮቹ በአበዳሪና በተወዳዳሪ እጅ ገቡ፤ እርሱ ግን ትልቁን ካሜራ ይዞ፣ ቀድሞ ያነሣቸውን ቦታዎች እንደገና እየዞረ ማንሣት ጀመረ። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ያ ሁሉ ድካም ዐመድ ሆነ። ያን ጊዜ ዋትኪንስ ዓይኑ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር፤ በ1916 በናፓ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በዮሰሚቲ አንድ ተራራ በስሙ ይጠራል።