የጭቃው ግድግዳና የሽቦው ሹሩባ

የአዲስ አበባን ታላላቅ ሐውልቶች ማን ሠራቸው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ በብዛት የባዕድ አገር ሰው ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 በዘውዱ በዓል ዋዜማ የቆመው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት የነደፈው ጀርመናዊ ነበር። በ1955 በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ያበጁት ሁለት ዩጎዝላቮች፣ አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በ1984 የተመረቀውና 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የትግላችን ሐውልትም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። (ከዚህ በታችም ዓመቶቹን የምንጽፈው በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ይህን ማንሣታችን ሐውልቶቹን ለማቃለል አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1936 አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ ወስዶት ነበር፤ የምኒልክንም ሐውልት ከአደባባዩ አንሥቶት ነበር። ሁለቱም በየጊዜያቸው ወደ ስፍራቸው መመለሳቸው፣ ሕዝቡ በባዕድ እጅ የተቀረጸውን የራሱ ገንዘብ እንዳደረገው ያስረዳል። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ይኸውም፣ በአክሱም 33 ሜትር የሚሆን ወጥ ድንጋይ የጠረበ፣ በላሊበላ ቤተ ክርስቲያንን ከአለት የፈለፈለ ሕዝብ፣ ለአዲሲቱ ከተማው ግዙፍ የጥበብ ሥራ ከገዛ እጁና ከገዛ አፈሩ ለማውጣት ስለምን ይህን ያህል ዘገየ? የሚል ነው።

ስለ አቶ ኤልያስ ስሜ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው። አቶ ኤልያስ በ1968 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሠሩባቸው ዕቃዎች ክር፣ የልብስ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ሰው ተጠቅሞ የጣለው ሁሉ ነበሩ። በ2002 ከሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው ዞማ የተባለውን የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል መሠረቱ። ሁለቱ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች እየተዘዋወሩ ባላገሩ ቤቱን በምን ዘዴ እንደሚሠራ ሲመለከቱና ሲጠይቁ ቆዩ። የዚህ ሁሉ ፍሬ በ2019 በመካኒሳ አካባቢ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው።

የዞማ ቤቶች የቆሙት በጭቃ ነው። ጭቃ ስንል አንባቢያችን ጎንበስ ያለች፣ ጥግዋ የተሸረሸረ ጎጆ ይታየው ይሆናል፤ እኛ ግን የምንናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። የአገራችን መራጊ እንደሚያውቀው፣ ደህና ጭቃ በአንድ ቀን አይገኝም። አፈሩ ተመርጦ ከጭድ ጋር ይደባለቃል፤ ውሃ ይጠጣል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም እንደ ሊጥ ቦክቶ እንዲሰነብት ይተዋል። በሚገባ ያልቦካ ጭቃ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት አያይዞ ይይዘዋል። ግድግዳውም ቀን ሙቀቱን አምቆ ሌሊት ቀስ በቀስ ስለሚለቀው ቤቱ ከብሎኬት ቤት ይልቅ ለኑሮ ይስማማል። አቶ ኤልያስ ይህንኑ የቆየ ሙያ ወስደው፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚጥመለመልና በሚደራረብ ጉብጉብ ቅርጽ ሞሉት። ስለዚህ ቤቱ ራሱ ሐውልት ሆነ፤ ሰው የሚገባበት፣ ሕፃናት የሚማሩበት ሐውልት ማለታችን ነው። በከተማችን ጭቃ የድህነት ምልክት፣ ብሎኬት የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ይህን ያህል የተራቀቀ ሥራ በጭቃ መሥራት ድፍረት የሚጠይቅ ይመስለናል።

በሌላ በኩል ደግሞ አቶ ኤልያስ በውጭ አገር ስማቸው የገነነው በሽቦ ሥራቸው ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተባለውን ስፍራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ የተሰበረው፣ ያረጀው፣ የተጣለው ሁሉ እንደገና ገበያ የሚወጣበት ነው። ከዚያ የተፈታታ የኮምፒዩተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ፊደላት፣ ቀለም ቀለም ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገዛሉ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑና በሳንቃ ላይ በምስማር እያያያዙ፣ ሳንቃውን ከሳንቃ እየገጠሙ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ያወጣሉ። ሰው ከሩቅ ሲያየው ከአውሮፕላን ቁልቁል የሚታይ እርሻ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያየው ግን ምናልባት የአንዲት ጸሐፊ ጣት ለዓመታት የነካቸው ፊደላት ናቸው። ለዚህ ተከታታይ ሥራ የሰጡት ስም በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን የሚያመለክት ነው፤ ሰው ከሠራው መሣሪያ ጋር ሚዛኑን ጠብቆ መኖሩን መጠየቃቸው ነው።

ሥራዎቹ ብዙ ተጉዘዋል። በ2009 የተውኔት አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ በሎስ አንጀለስ ላቀረበው የስትራቪንስኪ ሙዚቃ የመድረኩን ቅርጻ ቅርጾች የሠሩት አቶ ኤልያስ ናቸው። በ2019 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሃሚልተን ኮሌጅ የተከፈተው ዐውደ ርእያቸው ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችና ወደ ካናዳ ተዛውሯል። በ2022 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ታይተዋል።

በዚህ ላይ ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገር። አንበሳው በግፍ ተወሰደ፤ የሽቦው ሹሩባ ግን በዋጋና በክብር ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ነውር ነው፤ ባለሙያም ከሙያው መብላት አለበት። ነገር ግን የመርካቶ ልጅ፣ ከአባቱ ሱቅ የወጣው ሽቦ ምን እንደ ሆነ ለማየት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ካለበት፣ ጉዳቱ የማን ነው? በየዓመቱ ለሚሠሩት ታላላቅ አዳራሾቻችን መግቢያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መስተዋትና እብነ በረድ እንገዛለን። ከዚያ ወጪ ጥቂቱ ለአንድ የአገር ልጅ ሥራ ቢውል ከተማይቱ ምን ይጎድልባታል?

የዞማ ግድግዳ ግን ተጠቅልሎ በአውሮፕላን አይጫንም። እዚያው በመካኒሳ ይኖራል፤ መከራውም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ነሐስ ቢተዉትም ይቆማል፤ ጭቃ ጠባቂና መራጊ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የጭቃው ቤት እየፈረሰ ሲሄድ፣ የአፈሩን ዓይነት በጣቱ ለይቶ የሚያውቀው ሽማግሌም ሥራ እያጣ ነው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር የተላጠው እየታየ ይመረጋል፤ ለዚያም ጭቃው አስቀድሞ መቦካት፣ የሚረግጠውም ወጣት ከሽማግሌው አጠገብ መቆም ይኖርበታል።