ጓንቲዋ የጠፋባት ሲንድሬላ

በሪዮ ዴ ጃኔሮ በ1857 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በንጉሠ ነገሥቱ ዶም ፔድሮ ዳግማዊ ድጋፍ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መሥራቹ ሁዌት የተባለ ፈረንሳዊ ነበር፤ እሱም ራሱ መስማት አይችልም። በ1875 ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ፍላውዚኖ ጆዜ ዳ ጋማ የምልክቶችን ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተመ። በ1880 ግን መስማት ስለተሳናቸው ትምህርት በሚላን የተካሄደው ጉባኤ በአንደበት ማስተማርን መረጠ፤ የሪዮው ትምህርት ቤትም በ1911 ይህንኑ ስልት ያዘ፣ በ1957 ምልክትን ከክፍል አገደ። ፖርቱጋልኛ ማለት ከንፈር ማንበብና ድምፅ ማውጣት ሆነ። የልጁ ሰዓት አንድን ፊደል በጉሮሮው ሲያስተካክል ካለቀ፣ ታሪክ መቼ ያነባል? በግቢና በመኝታ ክፍል ግን ልጆቹ በምልክት ማውጋታቸውን አልተዉም።

ሥነ ጽሑፍ ወደነዚህ ክፍሎች በቁም ነገር የገባው መጽሐፍ ስለተገኘ አይመስለኝም፤ መጽሐፍ ድሮም ነበር። የጎደለው ስለ መጽሐፉ የሚከራከሩበት ቋንቋ ነው። የ2002ቱ ሕግ ለብራዚል የምልክት ቋንቋ፣ ለሊብራስ፣ ዕውቅና ሰጠ፤ የ2005ቱ ድንጋጌ ደግሞ የጽሑፍ ፖርቱጋልኛን መስማት ለተሳናቸው ሁለተኛ ቋንቋ አደረገ። በመካከሉ፣ በ2003፣ መስማት የተሳናት ሲንድሬላ በመጽሐፍ መጣች፤ ከድግሱ ስትሮጥ የሚጠፋባት ጫማዋ ሳይሆን ጓንቲዋ ነው። ተማሪው ለምን ጓንቲ እንደሆነ በእጁ ሲከራከር ቆይቶ ወደ ፖርቱጋልኛው ገጽ ቢመለስ፣ የሚያውቀውን ነገር ፍለጋ ነው የሚያነበው።

ፖርቱጋልኛን ለሥራ የሚፈልግ ሰው ቅጽ መሙላት ይበቃዋል የሚሉ አሉ። ቅጽ ግን ግስ አያስተምርም። ከፖርቱጋልኛ ኃላፊ ጊዜያት ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል፤ አንዱ ሁኔታውን ይዘረጋል፣ ሌላው ድርጊቱን ያስኬዳል። ሊብራስ ጊዜን የሚያመለክተው በግስ መድረሻ አይደለምና ልዩነቱ የሚታየው ተረት ውስጥ ነው። ታሪኩ በምልክት ከተተረከ ማንም ጽሑፉን አያነብም የሚለው ስጋት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ መምህሩ ትረካው ላይ ካቆመ እውነት ነው። ሕጉም ሊብራስ የጽሑፍ ፖርቱጋልኛን አይተካም ይላል። ድንጋጌው ግን ፈታኞች ከአጻጻፉ ቅርጽ ይልቅ ለትርጉሙ ክብደት እንዲሰጡ ያዛል። ስለዚህ የግሱ መድረሻ ትክክል መሆኑን የሚጠይቀው ፈተናው ሳይሆን ተረቱ ራሱ ይሆናል፤ መድረሻው ሲሳሳት ሲንድሬላ መሮጧን ጨርሳ እንደሁ ወይም ገና እየሮጠች እንደሁ አይለይም።