ስለ «ፀሐይ» አውሮፕላን

በዋጫ የምንኖር ሰዎች የአውሮፕላን ድምፅ በሰማን ቍጥር ቀና ብለን እናያለን፤ በገዛ አገራችን አውሮፕላን እንደ ተሠራ የሚያውቁ ግን ከመካከላችን ጥቂቶች ናቸው።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋራ በአዲስ አበባ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በረረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባን ያዘ፤ እርሷንም ወደ ኢጣልያ ወሰዳት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥነውን ኮንኮርድን በ1961 ዓ.ም. ያበረሩት፣ ከእንጨትና ከሸራ ጀምረው፣ አንዱ ሠሪ ሌላውን እያስተማረ ብዙ ዘመን ከደከሙ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ የእጅ ትምህርት ገና ሲጀመር ተቋረጠ፤ ከአውሮፕላኒቱ መወሰድ ይልቅ የሚቈጨንም ይኸው ነው። «ፀሐይ» በሮማ አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ቆይታ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።