ቤኪንግ ሶዳንና የማጠቢያ ሶዳን መለየት

ቤኪንግ ሶዳ (ሶዲየም ባይካርቦኔት) እና የማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) በመልክ የሚመሳሰሉ ነጭ ጨዎች ናቸው። የመጀመሪያው ለምግብ ይውላል፤ ሁለተኛው ግን አፍንና ጉሮሮን ስለሚጎዳ በመቅመስ ለመለየት መሞከር አይገባም። ኮምጣጤ ሲጨመርባቸው ሁለቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቁ አረፋ ያወጣሉ። ስለዚህ ይህ የታወቀ ሙከራ ከገበታ ጨው ይለያቸዋል እንጂ እርስ በርስ አይለያቸውም።

የሚሻለው የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ነው። ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ፒኤቹ ከ8 ጥቂት ስለሚበልጥ ጭማቂውን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የማጠቢያ ሶዳ ግን ወደ 11 ስለሚጠጋ አረንጓዴ ያደርገዋል።

ቤኪንግ ሶዳ በደንብ ሲሞቅ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥተውለት 37 በመቶ ያህል ክብደቱን ያጣል፤ የሚቀረውም ራሱ ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ይሁንና ክሪስታል የሆነው የማጠቢያ ሶዳም ውሃ ስላለበት ሲሞቅ ክብደቱ ይቀንሳል።