የበረዶ ጠጠር መጠንና የአወዳደቅ ፍጥነት (በሐረር)

የበረዶ ጠጠር፣ በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ወደ ላይ በሚገፋ ብርቱ ነፋስ ተይዞ የቀዘቀዘ ውሃ እየተጋገረበት የሚያድግ ድቡልቡል በረዶ ነው። ነፋሱ ሊሸከመው ካልቻለ ይወርዳል። በሐረርጌ ደጋማ አካባቢዎች የማሽላና የጫት ማሳን ይጎዳል።

መጠን፦ ጠጠሩ ሳይቀልጥ ረጅሙ ስፋቱ በማስመሪያ ይለካል፤ ክብደቱም ይመዘናል። ድቡልቡል ከሆነ ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በ0.47 ሲባዛ ክብደቱን በግራም ይሰጣል። በዚህ ስሌት ባለ 2 ሴንቲ ሜትሩ 4 ግራም፣ ባለ 4ቱ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ፍጥነት፦ የስበት ኃይልና የአየር ግጭት ሲመጣጠኑ ጠጠሩ ፍጥነት መጨመሩን ያቆማል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ 10 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ለሐረር ግምታዊው ስሌት የስፋቱን ስኩዌር ሩት በ14 ማባዛት ነው፦

1 ሴ.ሜ. — በሰከንድ 14 ሜትር
2 ሴ.ሜ. — 20 ሜትር
4 ሴ.ሜ. — 28 ሜትር (በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ገደማ)

ቅርጹ የተዛባ ጠጠር ከዚህ ይዘገያል።

ጉዳት፦ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በግንብ በታጠረው የሐረር ክፍል በጀጎልም ሆነ ከግንቡ ውጪ ለቆርቆሮ ጣሪያና ለሰብል ወሳኙ የጠጠሩ ስፋት ነው።

የዓለም የስፋት ክብረ ወሰን፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቪቪያን የወደቀው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 880 ግራም ገደማ ክብደት ነበረው።